በዝኩኒው ቦታ ሊወጣ ስለነበረው ጽሑፍ

ለክቡር አቶ ቨርሊን ግሮት
የኮተር ፎልስ ከተማ ምክር ቤት ሰብሳቢ
ኮተር ፎልስ፣ ዊስኮንሲን
ኦገስት 10፣ 1989

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ በኤፕሪል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ቀኝ ጉልበትዎ ጠንቶ ሰኞ የምክር ቤቱን አሥራ አንድ ደረጃዎች ያለ ምርኩዝ እንዲወጡ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ አርዲስም በአትክልት ቦታቸው ፍሬ እንዲደሰቱ ከልብ እመኛለሁ። ወደ አትክልቱ በኋላ እመለሳለሁ፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኝ መሆኑ ያሳዝናል።

የጤናዎ ነገር የሚያሳስበኝ እንዲያው ለወጉ ያህል አይደለም። የከተማውን ምክር ቤትም የትምህርት ቤቱን ቦርድም የሚመሩት አንድ እርስዎ በመሆንዎ፣ የፊታችን ሰኞ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ሁለት ነገር ይወስናሉ። መጀመሪያ ሰንደቅ ዓላማን ማዋረድ የሚከለክለውን የከተማ ደንብ ለድምፅ ያቀርባሉ። ቀጥሎ፣ ውሃ ለመጠጣት ያህል አረፍ ብለው፣ የትምህርት ቤቱ የጽዳትና የጥገና ሠራተኛ ኤሚል ቮይታ ከሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ይሰናበት ወይስ ወደ ሥራው ይመለስ የሚለውን ይወስናሉ። እንዲህ ያለ ቀን ጤና ይጠይቃል።

እኔ፣ እንደሚያውቁኝ፣ የሳምንታዊው «መልእክተኛ» አዘጋጅ ነኝ። ለሃያ ስድስት ዓመት ርእሰ አንቀጽ ስጽፍ የኖርኩት «እኛ» እያልኩ ነው። እናምናለን። እናሳስባለን። ዛሬ «እኔ» ብዬ ስጀምር እጄ እንግዳ ሆነብኝ። «እኛ» ጥሩ ካፖርት ነው፤ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች አራት ናቸው። ሦስቱ የእርስዎ ናቸው።

አንደኛ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጋዜጣችንን ስላነበቡልን አመሰግናለሁ። ጁላይ 17 በተደረገው ስብሰባ የፊት ገጻችንን በሁለት እጅዎ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው አዙረው፣ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡት እንኳ እንዲያዩት አድርገዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ጋዜጣችን ይህን ያህል ከፍ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ጁን የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ባንዲራ ማቃጠልም ሐሳብን መግለጽ ነው ብለው ከፈረዱ ወዲህ አገሩ ሁሉ እንደተቆጣ ካስረዱ በኋላ፣ «ይኸውላችሁ» አሉ፤ «ኒው ዮርክ አይደለም፣ ካሊፎርኒያ አይደለም። እዚሁ ነው፣ ልጆቻችን ከሚማሩበት ሕንፃ ጀርባ። እኛ ጋ አይደርስም ትሉ ነበር። ደርሷል።»

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዝ ነበር። ከጎኔ የነበረ ገበሬ አንገቱን አስግጎ፣ «ኤሚል? የኛው ኤሚል?» አለ። መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አንገቴን ደፍቼ መጻፌን ቀጠልኩ። ማስታወሻዬን ኋላ ስገልጠው ያገኘሁት «ሰብሳቢው ጋዜጣ አሳዩ» የሚል አንድ መስመር ነው።

ፎቶው ላይ ኤሚል በብረት ዘንግ ጫፍ የሚነድ ባንዲራ ከበርሜል በላይ ይዞ ይታያል። ከሥሩ «ኤሚል ቮይታ ባለፈው ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባንዲራ ሲያቃጥል» የሚል ተጽፏል። ሌላ ምንም አይልም። ያላለውን እኔ ልበል። የሚነደው ጨርቅ አይደለም። ጋዜጣ ነው። የእኛው ጋዜጣ፣ የጁን 29 እትም፣ የመጨረሻው ገጽ። ኤሚል የሳምንቱን የወረቀት ቆሻሻ እያቃጠለ ነበር፤ ይህም ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሠራው በቦርዱ ፊርማ የተሰጠው ግዴታ ነው። ፊርማው የእርስዎ ነው፤ በጣም ያምራል።

በስብሰባው ማግስት ቁልፎቹን እንዲያስረክብ ተደረገ።

ሁለተኛ።

የረቂቁ አንቀጽ ሦስት «ማንኛውንም ሰንደቅ ዓላማ ወይም የሰንደቅ ዓላማ ምስል፣ በማናቸውም ነገር ላይ የተሠራ ቢሆን፣ ያቃጠለ፣ የቀደደ፣ የረገጠ፣ ያቆሸሸ ወይም የጣለ» ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የአጻጻፉን ስፋት ሳላደንቅ አላልፍም። ምንም አላመለጠውም። እኛም አላመለጥነውም።

ከ1942 ጀምሮ ጋዜጣችን ከጁላይ አራቱ የነጻነት በዓል በፊት ባለው ሐሙስ የመጨረሻ ገጹን ሙሉ ባንዲራ አድርጎ በቀይና በሰማያዊ ያትማል። በጦርነቱ ጊዜ ጨርቅ ላጣ ቤት ተብሎ የተጀመረ ነው። ዳር ዳሩን ነጠብጣብ መስመር ይዞረዋል፤ ከመስመሩ ሥር በትንንሽ ፊደል «በዚህ ይቁረጡ፣ በመስኮትዎ ይለጥፉ፤ መልእክተኛ» ይላል። ከተማው ይቆርጣል። ይለጥፋል። በገጹ ጀርባ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የወጣው ደግሞ የእርስዎ የመኖና የዘር መደብር ማስታወቂያ ነው፤ ከነእናት አሳማዋ ሥዕል። የጋዜጣ ወረቀት ስስ ነው። ጠዋት ፀሐይ መስኮቱን ስትመታ አሳማዋ በቀይና በነጩ መስመር መሃል ቆማ ትታያለች። ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል። እስከ ዛሬ ማንም አልተቀየመም።

ከበዓሉ በኋላ ገጹ ምን እንደሚሆን ጋዜጣችን ጽፎ አያውቅም። ጋዜጣ ነውና የጋዜጣ ዕጣ ይደርሰዋል። የዶሮ ቤት ወለል ላይ ይነጠፋል። እርጥብ ጫማ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከሰል ይለኮስበታል። በአንቀጽ ሦስት ሚዛን ኮተር ፎልስ ውስጥ ከወንጀል ንጹሕ የሆነ ቤት ቢኖር ጋዜጣችንን የማይወስድ ቤት ብቻ ነው።

ዓሣም ይጸዳበታል። ጁላይ 8 ቀን፣ በበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻችን የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ፣ ክቡርነትዎ እጅጌዎን ጠቅልለው፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ቆመው፣ ሃያ የሚሆኑ ዓሦችን ቅርፊታቸውን ፍቀው አንጀታቸውን አውጥተዋል። ሥራውን በደንብ ያውቁበታል። ከሥር የተነጠፈው የእኛ የመጨረሻ ገጽ ነበር፤ አንጀቱ የወደቀው ከዋክብቱ ላይ ነው። ይህን ከትዝታ አይደለም የምናገረው። ካሜራ ይዤ ነበር። «ሎዌል፣ ሆዴን እንዳታሳይ» ብለው ስቀውልኛል። በዚያ ፊልም ላይ እርስዎ አሥራ አንደኛው ፎቶ ነዎት። ኤሚል አሥራ ስድስተኛው ነው።

አይስጉ። አሥራ አንደኛውን አላትመውም። የማላትመው ምንም ጥፋት ስላልሠሩ ነው፤ ሰው ዓሣ ሲያጸዳ ከሥሩ አንድ ነገር ማንጠፉ አይቀርም። ብቻ በዚያ ሳምንት ከአንድ ፊልም ሁለት ሰው ነበረኝ፤ አንዱ ስልክ አንስቶ ሊደውልልኝ የሚችል፣ ሌላው የማይደውል። ለራሴ የነገርኩት የአሥራ ስድስተኛው ብርሃን ይበልጣል ብዬ ነው። ብርሃኑ በእርግጥም ይበልጥ ነበር። ይህን አራት ሳምንት ሙሉ ለራሴ ስደጋግመው ከርሜ፣ እውነት የሆነ ነገር እንዴት ሰበብ እንደሚሆን ተምሬያለሁ።

ሦስተኛ።

ረቡዕ ጁላይ 12 እኩለ ቀን ላይ በዚያ ጉልበትዎ የቢሮዬን ደረጃ ወጥተው ስለጎበኙኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስለ ረቂቁ ያለዎትን አስተያየት ልጠይቅ ደውዬ ነበር፤ በስልክ ሊመልሱልኝ ሲችሉ ራስዎ መጡ። ገጾቹ የሚያልቁበት ቀን ነበር። በፊት ገጹ ላይ የኤሚል ፎቶ ተለጥፎ፣ ከጎኑ በሁለት ዓምድ የእኔ ርእሰ አንቀጽ ነበረ። ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ የታሰቡ ናቸው። ርእሰ አንቀጹ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«በዚህ ፎቶ ላይ የምታዩት ሰው የዚህን ጋዜጣ ገጽ ከቆሻሻ ጋር እያቃጠለ ነው፤ ሁላችሁም የምታደርጉትን። አዲሱ ደንብ ከጸደቀ ወንጀለኛ ይሆናል። ነገ ደግሞ አንድ ሰው ተቆጥቶ እውነተኛውን ባንዲራ ያቃጥል ይሆናል፤ ያን ሰው ላንወደው እንችላለን። የማንወደውን ሰው አፍ የሚዘጋ ሕግ ግን እዚያው እንደማይቆም ቀድሞ መናገር የጋዜጣ ሥራ ነው።»

ቀድሞ። ከዚህ ቃል ሥር አሁን በእርሳስ አስምሬበታለሁ።

እርስዎ ቆመው አነበቡት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቆብዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ተቀመጡና፣ «ሎዌል፣ ዝም በል የሚልህ የለም» አሉኝ። «ጋዜጣው ያንተ ነው። ይህች ሳምንት ብቻ ትለፍ። ሰው ገና ከበዓሉ አልወጣም።» ከዚያ ከደረት ኪስዎ አራት እጥፍ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ደግሞ ቦታ ከተረፈህ፣ አርዲስ ስለ ዝኩኒ አንድ ነገር ጽፋለች።»

ጋዜጣ የሚዘጉ ሰዎች ወታደር ይልካሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እርስዎ ዝኩኒ ላኩ። ወታደር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እምቢ ለማለት አስብ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ላስብ እችል ነበር።

ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ርእሰ አንቀጹን አነሳሁት። ኢዳ ፕሬል፣ ሠላሳ ዓመት ገጾቻችንን ስታቀናጅ የኖረችው፣ ወረቀት የምትቆርጥበትን ምላጭ እንደያዘች ቆማ አየችኝ።

«ፎቶውስ?» አለች።

«ይቆይ።»

«ብቻውን?»

«ኢዳ፣ ፎቶ እኮ ነው።»

ፎቶ እኮ ነው አልኩ። ቦታው ትልቅ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነበር፤ ሌላ ፎቶ አልነበረኝም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። በማግስቱ ከተማው ቁርስ ላይ የሚነድ ባንዲራ አየ፤ ከጎኑም «ዝኩኒ ሲበዛ ምን እናድርገው» የሚለውን የወይዘሮ አርዲስን ጽሑፍ አነበበ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። ባለቤቴ በዚያ መሠረት ሁለት ጊዜ ሠርታዋለች። እኔ መብላት አልቻልኩም፤ ይህን ግን ለወይዘሮ አርዲስ እንዳይነግሩብኝ።

ሊያስረዳው የነበረው ጽሑፍ ሲነሳ ፎቶው ክስ ሆነ። እርስዎ ያነሱት ክሱን ነው። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

አራተኛ።

ይህ እርስዎን አይመለከትም። እዚህ ያስገባሁት ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ ስላጣሁለት ነው። በጋዜጣችን ልማድ እርማት የሚወጣው ሁለተኛው ገጽ ታች፣ ከሞት ማስታወቂያዎቹ በላይ፣ በክብሪት ቀፎ ልክ ነው። የሙሽራ ስም ተሳስቶ ሲጻፍ። የጥጃ ክብደት ሲዛነፍ። ይህኛው በክብሪት ቀፎ አልገባ አለኝ። አራት ሐሙስ ሞከርኩ።

ኤሚል ገጹን ከፍ አድርጎ አልያዘውም ነበር።

ከግብዣው ወደ ቤቴ ስመለስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጭስ አይቼ መኪናዬን አቆምኩ። ገጹ በርሜሉ ውስጥ ከወረቀቱ ሁሉ በላይ ነበር፣ ገና ከጥጉ እየተያያዘ። እሳቱ ከሥር ሲያበራው እንዲያ ያለ ቀይ በሕይወቴ አላየሁም። ፊልሜ ጥቁርና ነጭ ነበር።

«ኤሚል» አልኩት፣ «እስኪ በዘንጉ አንሳው። ትንሽ ከፍ።»

«ይሄን?»

«ከኋላው ሰማዩ እንዲታይ።»

«አንተና ፎቶህ» አለና አነሳው። «ቶሎ በል፣ እጄን ሊፈጀኝ ነው።»

ሦስት ጊዜ ካሜራዬን ጫንኩ። በሦስተኛው፣ «ፊት ገጽ ላይ ካወጣኸኝ ላቨርን ፍሬም አስገብታ ትሰቅለዋለች» አለ። ላቨርን ሚስቱ ናት። የማወጣው ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ያኔ ገና በሐሳቤ ርእሰ አንቀጹን እየጻፍኩ ነበር፤ ኤሚል ምሳሌዬ ነበር። ምሳሌን ሰው አያስፈቅድም።

ማክሰኞ በጨለማው ክፍል ፎቶውን ሳጥብ የገጹ ዳር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ነጠብጣቡ መስመር፣ «በዚህ ይቁረጡ» የሚለው፣ የጋዜጣችን ስም ሳይቀር። ፎቶው በዚያ በኩል ለዓምዱ በጣት ስፋት ያህል ይተርፍ ነበር። ቆረጥኩት። በዚህ ይቁረጡ ይላልና።

ያ የጣት ስፋት አሁን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። አንዳንድ ቀን እንዳለ ለማረጋገጥ እከፍታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ቅዳሜ መሆኑን ሆን ብዬ አልመረጥኩትም፣ ኤሚል ቤት ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ የሣር ማጨጃ ምላጭ ይስል ነበር። አላቆመም።

«እርማት ላወጣ ነው» አልኩት።

«አራት ሳምንት አምጠህ?»

«ወረቀት እንደነበረ እጽፋለሁ።»

«ወረቀት መሆኑንማ ማን ያጣዋል። ግሮት አጥቶት ነው? እሱ ራሱ እኮ ዓሣውን ሲያጸዳበት አይቼዋለሁ።» ምላጩን ገለበጠው። «ከፍ አድርገው ያልከኝን ጻፍ። እሱን ብቻ ጻፍ። ሰዉ የሚለኝ ምን መሰለህ? ‹እሺ ወረቀት ነው፣ ግን ለምን እንዲያ አድርገህ አነሳኸው?› ነው የሚሉኝ። ላቨርንም ጠየቀችኝ። ሎዌል አንሳው ስላለኝ ብዬ መልስ መስጠት አፈርኩ። ሕፃን ነኝ?»

ደንቡን በጋዜጣው እንደምታገል ነገርኩት፤ ደስ ይለዋል ብዬ። ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ እደግፈዋለሁ» አለኝ። «የጨርቁን የሚያቃጥል ባገኝ በዚያው ዘንግ ነው የምለው። ኮሪያ ከእኔ ጋር ከሄዱት ግማሾቹ በሱ ተጠቅልለው ነው የተመለሱት።»

«ታዲያ እኔ ላንተ…»

«ለኔ አትከራከር። የሆነውን ጻፍና ወደ ቤትህ ግባ።»

ስወጣ፣ ቁልፎቹን ሲያስረክብ የሆነውን ነገረኝ። ከሁሉ ትንሹን ቁልፍ፣ የባንዲራው ምሰሶ ገመድ የሚቆለፍበትን ሳጥን ቁልፍ፣ ከቀለበቱ አውጥቶ ለብቻው እንዲሰጥ ታዟል። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ትምህርት ቢኖርም ባይኖርም፣ ጠዋት የሚሰቅለው እሱ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ የሚያወርደውም እሱ። ክቡርነትዎ በዚያ መንገድ በመኪና ስለሚያልፉ ምናልባት ልብ አላሉት ይሆናል፤ ከጁላይ 18 ወዲህ ምሰሶው ባዶውን ነው። ባንዲራን ለማስከበር የተረቀቀው ደንብ እስካሁን ያወረደው ባንዲራ አንድ ነው፤ እሱም የትምህርት ቤቱ ነው።

እርማቱ እንግዲህ ይኸው። በጁላይ 13 እትማችን የፊት ገጽ ላይ ከወጣው ፎቶ ሥር መጻፍ የነበረበት ይህ ነው፦ «ኤሚል ቮይታ በሥራው ላይ፣ የትምህርት ቤቱን የወረቀት ቆሻሻ ሲያቃጥል። በዘንጉ ያነሳው የዚህ ጋዜጣ ገጽ ነው። እንዲያነሳው የጠየቀው፣ ፎቶውን ያነሳው፣ የገጹን ዳር ቆርጦ ያስቀረውና እስከ ዛሬ ዝም ያለው የጋዜጣው አዘጋጅ ሎዌል ብሪግስ ነው።»

በዝኩኒው ቦታ ሊወጣ የነበረው ርእሰ አንቀጽ ዛሬ በፊት ገጹ ላይ ሳይቆረጥ ወጥቷል። አራት ሳምንት ዘግይቷል። ትልልቆቹ የከተማ ጋዜጦች ይህን ሁሉ በጁን ጽፈው ጨርሰዋል፤ እኛ የምንጨምረው አዲስ ሐሳብ የለም። ግን እነሱ ኤሚል ቮይታን አያውቁትም፣ እርስዎንም አያውቁዎትም፣ እንዲህ ያለው ነገር በእንዲህ ያለ ከተማ በጩኸት ሳይሆን በጨዋነት እንደሚያልፍም አያውቁም። ይህን እንድናውቅ ነበር እኛ እዚህ የተቀመጥነው።

ሰኞ ደንቡን በተመለከተ እጅዎን እንደፈለጉ ያንሱ። እኔ እቃወመዋለሁ፤ ኤሚል ይደግፈዋል፤ ሁለታችንም ይህን በአደባባይ መናገር መቻላችን የክርክሬ ሁሉ ፍሬ ነው። በሁለተኛው ጉዳይ ግን አንድ ነገር ብቻ በትሕትና እለምናለሁ። በዚያ ቅዳሜ ከበርሜሉ አጠገብ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ዘንግ ይዞ፣ አንዱ ካሜራ ይዞ። የታዘዘውን ያደረገው ዘንግ የያዘው ነው። ከሁለቱ አንዱ ሥራውን ማጣት ካለበት፣ ወደ እኔ ይምጡ፤ የእኔ ቢሮ በር ያለ ቁልፍ በእጅ ይከፈታል፤ ደረጃውንም ያውቁታል። ትንሿን ቁልፍ ግን ለባለቤቷ ይመልሱለት።

ቀጣይነት ያለውን ጤናዎን፣ የጉልበትዎን ጽናት፣ የመደብርዎን ሰላምና የአሳማዎችዎን መባዛት እየተመኘሁ፣ ለዘመናት በጨዋነትዎ ዝም ስሰኝ የኖርኩ፣ ከእንግዲህም ለዚያ ውለታዎ ብድር መላሽ ለመሆን የምጣጣር፣ አክባሪዎና ጎረቤትዎ፣

ሎዌል ብሪግስ
የ«መልእክተኛ» አዘጋጅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለኢዳ ፕሬል ስሰጣት አንብባ ጨርሳ መነጽሯን አወለቀች። «በስልሳ ሦስት ዓመትህ ጋዜጠኛ ልትሆን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ገጽ የሚታተምበት አንድ ስስ የብረት ፕሌት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እባክዎ አሁን የያዙትን ወረቀት ይገልብጡት። አዎ፤ ባንዲራው ነው፣ ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በሙሉ ቀለሙ፣ ከነነጠብጣብ መስመሩ። ደብዳቤዬ ያረፈው አሳማዋ በነበረችበት ቦታ ነው። እስከ ሰኞ ድረስ ሊቀድዱት፣ ሊጨማድዱት፣ ዓሣ ሊያጸዱበት ሙሉ መብት አለዎት፤ መብትዎንም ይህ ጋዜጣ እስከ መጨረሻው ይሟገትለታል። አንቀጽ ሦስት ከጸደቀ በኋላ ግን ይህን ደብዳቤ መቅደድም፣ ማቃጠልም፣ መጣልም ወንጀል ይሆናል፤ ዕድሜዎን ሙሉ በክብር ሊያኖሩት ይገደዳሉ። መስኮት ላይ ቢለጥፉት ይሻላል። ጠዋት ፀሐይ ስትመታው በቀይና በነጩ መስመር መሃል የኤሚል ቮይታ ስም ይታያል።